አኩሪ አተሩ ለምን ቢጫ ሆነ? ከኮምቦልቻ በታች ባለ ኩታ ገጠም ማሳ ላይ የተደረገ የድሮን ቅኝት

ከኮምቦልቻ ወደ ሐርቡ ሲወረድ፣ ከአስፋልቱ ወደ ቦርከና ወንዝ በሚያዘነብለው ዋልካ መሬት ላይ፣ አብዛኞቹ ከግማሽ ሄክታር የማይበልጥ መሬት ያላቸው ገበሬዎች ማሳቸውን አገጣጥመው አኩሪ አተር ዘሩ። ዘሩ በሐምሌ መጀመሪያ ገባ፤ ደህና በቀለ፤ የመጀመሪያው አረምም በጊዜው ታረመ። ነሐሴ ሲጋመስ ግን ማሳው ውስጥ ቢጫ መታየት ጀመረ። አንዱ «ማዳበሪያ አንሶት ነው» አለ። ሌላው በሽታ ገብቶበታልና መድኃኒት ይረጭ አለ። ሦስተኛው ጥፋቱን ከወረዳ በመጣው ዘር ላይ ጣለ። ክርክሩ ሳያልቅ ለመላው ማሳ ዩሪያ እንዲገዛ ተወሰነና ገንዘብ መዋጣት ተጀመረ።

ይህ ጽሑፍ ያ ዩሪያ ከመገዛቱ በፊት የሆነውን ይተርካል። እኔ ማሳውን በድሮን ከቃኘው ቡድን ጋር የሰብል ባለሙያ ሆኜ ሠርቻለሁ። ጉዳዩ የመሬት ድንበር ስለሚነካ የገበሬዎቹንም የቀበሌውንም ስም አላነሳም።

መጀመሪያ አኩሪ አተር እዚያ ምን ይሠራል የሚለው መመለስ አለበት። ማሳው ያለበት የቃሉ ወረዳ የማሽላ፣ የጤፍና የማሾ አገር ነው። አኩሪ አተር በብዛት የሚታወቀው በምዕራቡ በኩል፣ በፓዌና በአሶሳ አካባቢ ነው። ገበሬዎቹን ወደዚህ ሰብል የገፋቸው ከገበያው ይልቅ አቀንጭራ ነበር። አቀንጭራ የማሽላን ስር እየጠባ የሚኖር ጥገኛ አረም ነው፤ አንድ ተክል በአስር ሺዎች የሚቆጠር ዘር ያራግፋል፣ ዘሩም አፈር ውስጥ ለዓመታት ሳይሞት ይቆያል። ማሽላ በማሽላ ላይ ሲደጋገም አፈሩ በዚህ ዘር ይሞላል። የአንዳንድ የአኩሪ አተር ዝርያዎች ስር የሚያመነጨው ንጥረ ነገር ደግሞ የአቀንጭራን ዘር ቀስቅሶ ያበቅለዋል፤ የበቀለው ግን የሚጣበቅበት የማሽላ ስር ስለማያገኝ ይሞታል። ስለዚህ አኩሪ አተርን ከማሽላ ጋር ማፈራረቅ አፈሩ ውስጥ ያለውን የአቀንጭራ ዘር ይቀንሳል። ፍሬው 40 በመቶ ያህል ፕሮቲንና 20 በመቶ ያህል ዘይት ስላለው፣ ለዶሮ መኖም ለዘይትም የሚፈልገው አያጣም።

ሰብሉ ግን ናይትሮጂን ይበላል። አንድ ቶን ፍሬ ለመስጠት ወደ 80 ኪሎ ግራም ናይትሮጂን ይወስዳል። ከዚህ ውስጥ በአማካይ ግማሹን ወይም ከዚያ በላይ የሚያገኘው ከአየር ነው፤ ይህን የሚያደርግለትም ብራዲራይዞቢየም የሚባለው ስሩ ላይ እባጭ ሠርቶ የሚኖር ባክቴሪያ ነው። አኩሪ አተር ተዘርቶበት በማያውቅ አፈር ውስጥ ለእሱ የሚስማማው ባክቴሪያ ብዙ ጊዜ ስለማይገኝ፣ ዘሩ ከመዘራቱ በፊት ባክቴሪያውን የያዘ፣ በፓኬት የሚመጣ ሕያው ማዳበሪያ ይታሽበታል። ነገሩ ሕያው ስለሆነ ፀሐይና ሙቀት ይገድለዋል። ይህን አንባቢ ልብ ይበልልኝ፤ በኋላ እንመለስበታለን።

ከመነሳቱ በፊት

ወሎ ውስጥ ድሮን ማስነሳት ካሜራ አውጥቶ ፎቶ እንደማንሳት ቀላል አይደለም። ፈቃድ ያስፈልጋል፤ የኢንፎርሜሽን መረብ ደህንነት አስተዳደርና ሲቪል አቪዬሽን በነገሩ ውስጥ አሉበት፣ የአካባቢው የጸጥታ አካላት ማወቅ አለባቸው፣ ኮምቦልቻ አውሮፕላን ማረፊያም ሩቅ አይደለም። ቡድኑ ወረቀቱን ጨርሶ ነው የመጣው። ከወረቀቱ ይልቅ እኔን ያሳሰበኝ የሰዉ ልብ ነበር። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ድረስ ዘልቋል። ከዚያ ወዲህ ድሮን ሲባል ሰው መጀመሪያ የሚያስበው እርሻን አይደለም። ከሰማይ የሚመጣ እንደ ንብ የሚያዛምር ድምፅ ሲሰሙ ልጃቸውን ጎትተው ቤት የሚገቡ እናቶች አሉ፤ ይህን በዓይኔ አይቻለሁ።

ስለዚህ አንድም ባትሪ ሳይገባ ሁለት ነገር ተደረገ። የቀበሌው የግብርና ባለሙያ፣ በእርሻ ጣቢያው ለዓመታት የሠራችና ሰዉ የሚያምናት ሴት፣ ቤት ለቤት ነገረች። ዓርብ ከጁምዓ ሶላት በኋላም መስጂዱ በር ላይ ዕቃው ወጥቶ መሬት ላይ ተቀመጠ፤ የፈለገ አነሳው፣ ልጆች ክንፉን ነኩት፣ ካሜራው የሚያሳየውም በትንሹ ስክሪን ታየ። አንዲት እናት «ቤታችን ውስጥ ያያል እንዴ?» ብለው ጠየቁ። ጥያቄው የሚገባ ነበር። የበረራው መስመር ከመኖሪያው እንዲርቅ ተደርጎ እንደገና ተሠራ፤ መስመሩም ለእሳቸው ታየ። ይህን ክፍል «የቅድመ ዝግጅት ሥራ» ብሎ በአንድ መስመር የሚያልፍ ሪፖርት ብዙ አንብቤያለሁ። በእኛ አካባቢ ግን የቀረው ሥራ በሙሉ የተመሠረተው በዚህ ላይ ነው፤ ያ ዓርብ ባይኖር ኋላ የምናየው ስብሰባም አይኖርም ነበር።

ለምን ሳተላይት አልበቃም የሚል ጥያቄ ይነሳል። ሴንቲኔል 2 የተባሉት የአውሮፓ ሳተላይቶች በየአምስት ቀኑ በነፃ ምስል ይሰጣሉ፣ ጥራቱም 10 በ10 ሜትር ነው። ግማሽ ሄክታር ማሳ በዚህ ሲታይ ሃምሳ ነጥብ ብቻ ይሆናል። ከዚያ የባሰው ደመናው ነው። ሰብሉ ውሳኔ በሚፈልግበት በሐምሌና በነሐሴ የወሎ ሰማይ ለሳተላይት ዝግ ነው፤ ሲከፈት ደግሞ የመከሩ ጉዳይ ቀድሞ ተወስኗል። ድሮን ከደመናው በታች ስለሚበር በክረምት ይሠራል።

ምስሉ እንዴት ተነሳ

በረራው የተደረገው ሰብሉ ማበብ ሲጀምር ነው። ከጠዋቱ 4 ሰዓት እስከ እኩለ ቀን ድረስ፣ የከሰዓቱ ዝናብ ሳይመጣ፣ ጥላው አጭር በሚሆንበት ጊዜ ነበር። ከፍታው 60 ሜትር ያህል ነው፤ በዚህ ከፍታ የካሜራው አንዲት ነጥብ መሬት ላይ ሦስት ሴንቲ ሜትር ገደማ ትሸፍናለች። ፎቶዎቹ ኋላ ተገጣጥመው አንድ ካርታ እንዲሆኑ እያንዳንዱ ከቀጣዩ ጋር ሰማንያ በመቶ ያህል ይደራረባል። ካሜራው ከሚታየው ብርሃን ሌላ ዓይናችን የማያየውን ቅርብ ኢንፍራሬድም ይመዘግባል።

ጤነኛ ቅጠል ቀዩን ብርሃን ለምግቡ ይውጠዋል፤ ቅርብ ኢንፍራሬዱን ግን አብዛኛውን ይመልሰዋል። የታመመ ወይም የተራበ ቅጠል ቀዩን መዋጥ ያቅተዋል። ከኢንፍራሬዱ ቀዩ ተቀንሶ ለሁለቱ ድምር ሲካፈል ኤንዲቪአይ የሚባለው ቁጥር ይገኛል። ባዶ አፈር ዝቅተኛ ቁጥር ይሰጣል፣ ጥቅጥቅ ያለ ሰብል ወደ አንድ ይጠጋል። ቁጥሩ ሁለት ድክመት አለው፤ ሁለቱም እዚህ ማሳ ላይ ታይተዋል። ሰብሉ መስመሩን ሞልቶ ሲገጥም ቁጥሩ ጣሪያ ይነካና ጥሩውን ከበጣም ጥሩው መለየት ያቆማል፤ ለዚያ ጊዜ በቀዩና በኢንፍራሬዱ መካከል ያለውን የብርሃን ጠርዝ የሚጠቀም ሌላ ስሌት ይሻላል። ሁለተኛው ድክመት የበለጠ አሳሳች ነው፦ ኤንዲቪአይ አረንጓዴ መሆኑን እንጂ ምን እንደሆነ አያውቅም። ለእሱ አረምም አኩሪ አተርም አንድ ነው።

የኮምፒውተሩ ሥራ ኮምቦልቻ ከተማ ውስጥ ሌሊቱን ተሠራ። መብራት ሲጠፋ እየቆመ፣ ሲመጣ እየቀጠለ ነበር። ምስሉ የተሰላው ያለ ኢንተርኔት ነው፤ በዚያ መስመር ያንን ሁሉ ፎቶ መላክ የማይታሰብ ስለሆነ፣ ለሌላ ቡድን የምመክረውም ይህንኑ ነው።

ሁለት ዓይነት ቢጫ

ካርታው ሲወጣ የመጀመሪያው ጥቅም ወዲያው ታየ፦ ማሳው በመላ አልታመመም። ሰፊው ክፍል ደህና ነበር። ለመላው ማሳ ዩሪያ የሚለው ሐሳብ እዚያው ላይ ወደቀ።

ቀጥሎ የታየው የቢጫው ቅርፅ ነው። ሁለት ዓይነት ቅርፅ ነበር። አንደኛው ከላይኛው ጥግ ተነስቶ እየተጠማዘዘ፣ የስንቱን ሰው ማሳ እያቋረጠ፣ ወደ ታች የሚወርድ ሰፊ ቀበቶ ነው። ሁለተኛው ጠርዙ በቀጭን መስመር የተሰመረ፣ አራት ማዕዘን፣ ልክ በሁለት ጎረቤት ገበሬዎች ድንበር ላይ የሚጀምርና የሚያበቃ ነው። ማሳ ለሚያነብ ሰው ይህ ልዩነት ትልቅ ነገር ይናገራል። ውሃና አፈር የሰውን ድንበር አያውቁም፤ ጠርዛቸው ይጠማዘዛል፣ ይደበዝዛል። በቀጥታ መስመር የሚጀምርና የሚያበቃ ችግር ግን የሰው እጅ ሥራ ነው፤ ዘሩ፣ የተዘራበት ቀን፣ ማዳበሪያው፣ ወይም አረሙ የታረመበት ጊዜ ተለያይቷል ማለት ነው። የቅጠል በሽታ ቢሆን ኖሮ አብዛኛውን ጊዜ በሁለቱም መልክ አይመጣም ነበር፤ ከአንድ ቦታ ተነስቶ በነፋሱ አቅጣጫ ወይም በክብ በክብ ይሰፋ ነበር።

እንግዲህ በካርታው ላይ ነጥቦች ተመርጠው ወደ ማሳው ተገባ። ከቢጫው ቀበቶ፣ ከአራት ማዕዘኑ፣ ከደህናው ቦታ፣ እንዲሁም በካርታው ላይ ከሁሉ በላይ አረንጓዴ ሆኖ ከታየው ሥፍራ ተክል ተወሰደ። ተክል ለዚህ ሲወሰድ አይነቀልም፤ ሲነቀል እባጮቹ አፈር ውስጥ ይቀራሉና ባዶ ስር አይቶ «አልያዘም» የሚል የተሳሳተ ፍርድ ይሰጣል። በአካፋ ዙሪያው ተቆፍሮ፣ ከነአፈሩ ወጥቶ፣ በባልዲ ውሃ ውስጥ ቀስ ብሎ ይታጠባል። ከዚያ እባጩ በጥፍር ይሰነጠቃል። ውስጡ ሮዝ ወይም ቀይ ከሆነ እየሠራ ነው። ነጭ፣ አረንጓዴ ወይም ግራጫ ከሆነ አይሠራም።

በደህናው ቦታ እባጩ ብዙ ነው፣ ውስጡም ቀይ ነው። አራት ማዕዘኑ ውስጥ ስሩ ጤነኛ፣ ነጭ፣ ረጅም ሆኖ እባጭ ግን የለበትም። የማሳዎቹ ባለቤቶች ሲጠየቁ ነገሩ ግልጽ ሆነ። ሕያው ማዳበሪያው በዘሩ ላይ የታሸው ለሁሉም አንድ ላይ፣ ጠዋት ነበር። እነሱ ግን ያን ዕለት ጠዋት ሌላ ማሳ ላይ ጤፍ ሲዘሩ ስለነበር የታሸው ዘራቸው ማዳበሪያ ከረጢት ላይ ተዘርግቶ ፀሐይ ሲመታው ዋለ፤ የተዘራው ከሰዓት በኋላ ነው። ባክቴሪያው አፈር ሳይነካ ሞቷል። ማንም አላጠፋም፤ ፓኬቱ ሲታደል ሕያው መሆኑ ተነግሯል፣ ለምን ያህል ጊዜ ሕያው ሆኖ እንደሚቆይ ግን አልተነገረም።

ለእነዚህ ሁለት ማሳዎች ዩሪያ ትክክለኛው መድኃኒት ነበር። እባጩ ያልያዘ አኩሪ አተር አበባ ላይና ፍሬ መያዝ ሲጀምር ናይትሮጂን ቢያገኝ ብዙ ይተርፋል። እባጩ በያዘው ላይ ግን ዩሪያ መጨመር ገንዘብ ከማባከንም አልፎ ይጎዳል፤ ስሩ የተዘጋጀ ናይትሮጂን አፈር ውስጥ ሲያገኝ እባጩን መመገብ ይተዋል። ስለዚህ ሁለቱ ማሳዎች አፈሩ እርጥብ ሳለ በመስመሩ ጎን ዩሪያ ተሰጣቸው። የቀረው ገንዘብ ለባለቤቶቹ ተመለሰ።

ወደ ቀበቶው ስንገባ እግራችን ሰመጠ። ስሩ ጠቁሯል፣ አጭር ነው፤ እባጭ አለበት፣ ነገር ግን ውስጡ ግራጫ ነው፤ አፈሩ የበሰበሰ እንቁላል ይሸታል። ባክቴሪያው ናይትሮጂን ለማሰር አየር ይፈልጋል፤ ውሃ የተኛበት ዋልካ ውስጥ አየር የለም። እዚህ ላይ የቱን ያህል ዩሪያ ቢበተን ስሩ አይወስደውም። በካርታው ላይ ከሁሉ የበለጠ አረንጓዴ ሆኖ የታየው ሥፍራ ደግሞ የቀበቶው እምብርት ሆኖ ተገኘ። እዚያ አኩሪ አተሩ ከሞተ ቆይቷል፤ አረንጓዴው ውሃ የሚወደው እንግጫ ነው። ካርታውን ቢሮ ውስጥ ብቻ ያየ ሰው ያንን ቦታ «የማሳው ምርጥ ክፍል» ብሎ ይጽፈው ነበር። ካርታ አይቶ ማሳ ሳይረግጥ ምክር የሚሰጥ ባለሙያ እንዳይኖር የምከራከረው ለዚህ ነው።

የቀበቶው አረንጓዴ አንድ ነገር ሲሆን፣ ከሱ ራቅ ብሎ ጨለም ያለ አረንጓዴ ክብ ነበር። እሱን ባለቤቱ ጠይቀን ሳንጨርስ አወቀው፦ የአባቱ የከብት በረት የነበረበት ነው። ፍጉ ከስንት ዓመት በኋላም ይናገራል።

ፈሰሱ የት ገባ?

ውሃው ለምን እዚያ ተኛ? ማሳው ተዳፋት ነው፣ ወደ ቦርከና የሚሄድ ገደል ከታች አለ። ከተደራረቡት ፎቶዎች የመሬቱ ከፍታም ይሰላል። በዚያ ሥሌት ቀበቶው ጎድጓዳ ሆኖ ወጣ። ነገር ግን ሰብል የለበሰ ማሳ ላይ ካሜራው የሚያየው የቅጠሉን ከፍታ እንጂ የአፈሩን አይደለም፤ አጭር ተክል ያለበት ቦታ በሐሰት ጎድጓዳ ሊመስል ይችላል። ይህን ለማረጋገጥ ውድ መሣሪያ አላስፈለገም። ከኮምቦልቻ አንድ ግንበኛ ተለምኖ ውሃ ልኩን፣ ያንን ውሃ የሚሞላበትን ብርሃን አስተላላፊ ጎማ፣ ይዞ መጣ። ቁመቱ ከቦታ ቦታ ተለካ። ጎድጓዳነቱ እውነት ነው፤ ግን ጥልቀቱ ካርታው ካለው ያነሰ ነው። ከታችኛው ጫፍ ላይ ደግሞ መሬቱ ትንሽ ከፍ ብሎ ውሃውን ገድቦታል።

ካርታው ኮምቦልቻ ባነር ከሚያትም ቤት ወጥቶ፣ የቅሬው፣ የአካባቢው እድር፣ ስብሰባ ላይ ዛፍ ሥር ተዘረጋ። ፊደል የማያነቡ ሽማግሌዎች ከእኛ ቀድመው አነበቡት። ምስሉን ያወቁት በዛፎቹ ነው።

«ይቺ የኔ ግራር ናት» አሉ አንድ ሐጂ፣ በምርኩዛቸው እያመለከቱ። «ፈሰሱ ከሷ ሥር ነበር የሚያልፈው። አባቴ ያወጣው የውሃ መውረጃ ፈሰስ።»

«ታዲያ አሁን የታለ?» አለች የግብርና ባለሙያዋ።

ዝም ተባለ። ከዚያ አንድ ወጣት፣ «ሐጂ፣ ትራክተሩ ሲገባ እርስዎም ነበሩ፤ ምነው ያኔ አልነገሩን?» አለ።

«ማን ጠየቀኝ ልጄ? ድንበር ይፍረስ ተባለ፣ ፈረሰ።»

ነገሩ ይኸው ነው። ማሳው በትራክተር እንዲታረስ ሲገጣጠም በየድንበሩ የነበሩት እርከኖችና ፈሰሶች አብረው ታረሱ። ዋልካ ያለው የወሎ ገበሬ ክረምት ሲገባ በየማሳው ፈሰስ ያወጣል፤ የጎረቤቱን ፈሰስም ያውቃል፤ ውሃው ከማን ወደ ማን ተላልፎ ወንዝ እንደሚገባ የተስማሙበት ሥርዓት አለ። ይህ ሥርዓት በየትኛውም ሰነድ ላይ የለም፤ በሽማግሌዎች ልብና በመሬቱ ላይ ብቻ ነበር። ማሳው ለማረሻ አንድ ሆነ፣ ለውሃው ግን መውጫ አልተተወለትም። ትራክተሩ ሲዞር ያከማቸው አፈር ደግሞ የታችኛውን ጫፍ ደፈነው። ጉዳቱን ከዳር ሆኖ ማየት ያልተቻለውም በዚህ ምክንያት ነው፤ እያንዳንዱ ገበሬ የሚያውቀው የራሱን ማሳ ነው፣ ሲያርም የሚያየውም የራሱን ቢጫ ነው። የላይኛው «የኔ ጥቂት ነው» ይላል፣ የታችኛው «የሱ ውሃ ነው የገደለኝ» ይላል። ቀበቶው አንድ መሆኑን ከላይ ካልታየ ማንም አላየውም ነበር።

በእኔ እምነት የድሮኑ ዋና ሥራ ይህ ነው። ለትልልቅ እርሻ የተጻፉ መመሪያዎች ድሮንን የሚያወድሱት በየካሬ ሜትሩ ልክ ማዳበሪያ ለመስጠት ነው። ግማሽ ሄክታር ላለው ገበሬ ያ አያስፈልገውም፤ እሱ ማሳውን በእግሩ ያውቀዋል። የሚጎድለው ጎረቤቶች አንድ ላይ ሆነው የጋራ ችግራቸውን በአንድ ምስል ማየት ነው። አንድ ስብሰባ ላይ «ውሃው ያንተ ነው» የሚለው ክርክር የቆመው ሁሉም ጣቱን አንድ ባነር ላይ ባሳረፈበት ሰዓት ነው።

ስምምነቱ ግን ምስል ብቻ አላመጣውም። አዲስ ቦይ ይውጣ ሲባል የሦስት ሰዎች ማሳ ይቆርጣል። አንደኛዋ ባሏ የሞተባት፣ ልጆቿን በዚያች ጥማድ የምታሳድግ ሴት ናት፤ የእሷን መሬት ማጥበብ ቀላል ነገር አልነበረም። ቅሬው ሌላ ቀን ተቀጥሮ ሽማግሌዎች ገቡበት። መስመሩ የድሮውን ፈሰስ ተከትሎ ከእሷ ማሳ ዳር ብቻ እንዲያልፍ ሆነ፤ በሦስቱ ላይ የሚደርሰውን ጉድለት ደግሞ ሌሎቹ ከምርታቸው በእህል እንዲተኩ ተወሰነ፣ በቅሬው መዝገብም ተጻፈ። የቦዩ መውጫ የሌላ ሰው ጤፍ ላይ እንዳይለቀቅ እስከ ገደሉ ድረስ ወርዶ ጫፉ በድንጋይ ተነጠፈ። ቁፋሮው በጅጌ፣ በጋራ ጉልበት፣ ነው የተሠራው፤ ሴቶቹ ቡናና ንፍሮ ይዘው ወረዱ፣ «አብሽሩ» እያሉ።

ከዚያ በኋላ

መስከረም ሲገባ ድሮኑ እንደገና በረረ። የቀበቶው ሁለቱ ዳሮች ወደ አረንጓዴ ተመልሰዋል፤ ውሃው ከለቀቀ በኋላ ስሩ አዲስ እባጭ ይዟል፣ ውስጡም ሮዝ ነው። እምብርቱ አልተመለሰም። እዚያ ላይ ድሮኑ የሚያስተምረው አልነበረም፤ ገበሬዎቹ ራሳቸው እንግጫውን ነቅለው፣ አፈሩ ውስጥ በቀረው እርጥበት ሽምብራ ዘሩበት። ዋልካ ላይ በመስከረም ሽምብራ መዝራት የአባቶቻቸው ሥራ ነው። ዩሪያ የተሰጣቸው ሁለቱ ማሳዎች ቀለማቸው ተስተካክሏል፣ ቁመታቸው ግን ከጎረቤቶቻቸው አልደረሰም።

ለአጨዳ ድሮን አላስፈለገም። ቅጠሉ ረግፎ፣ የፍሬው ቅርፊት ቡናማ ሲሆንና ሲነካ ሲንኮሻኮሽ፣ ጠዋት ጤዛ ሳይደርቅ ታጨደ፤ ከዘገየ ቅርፊቱ ይፈነዳና ፍሬው መሬት ይቀራል። ምርቱ ሲወቃ የቀበቶው፣ የአራት ማዕዘኑና የደህናው ተለይቶ አልተመዘነም። ቀጣዩ ዓመት ላይ እንዲለይ ከግብርና ባለሙያዋ ጋር ተስማምተናል፤ ሦስት ቦታ ላይ ጥቂት ካሬ ሜትር ለክቶ አጭዶ መመዘን ለማንም ከባድ ሥራ አይደለም።

ስለ ወጪው የሚጠይቁኝ ብዙ ናቸው። ዕቃው ለአንድ ገበሬ የሚገዛ አይደለም፣ መግዛትም የለበትም። ባትሪው ቶሎ ያልቃል፣ ክንፉ ይሰበራል፣ የሚጠግነው ሰው ሩቅ ነው፣ ፈቃድም ያስፈልገዋል። የሚያዋጣው አንድ ቡድን በወረዳ ደረጃ ሆኖ ብዙ ኩታ ገጠሞችን በቀጠሮ ቢዞር ነው፤ በአንድ ክረምት ለአንድ ማሳ ሁለት በረራ ይበቃል። መድኃኒት የሚረጨው ትልቁ ድሮን ደግሞ ሌላ ነገር ነው። አሁን አሁን ሁለቱን አንድ አድርጎ የሚያስብ ሰው ስለበዛ ነው የማነሳው። በዚህ ማሳ ላይ የሚረጨው መጥቶ ቢሆን ኖሮ፣ ላልነበረ በሽታ በጣም በፍጥነት መድኃኒት ይረጭለት ነበር።

ኩታ ገጠም በሚመሠረትበት ቦታ ሁሉ ትራክተር ከመጠራቱ በፊት የፈሰሱ መስመር ከሽማግሌዎች ጋር ተዙሮ መመዝገብ አለበት እላለሁ። ይህን ለማድረግ ድሮን ቢኖር መልካም፤ ባይኖር ወረቀትና እግር ይበቃል። ቦታው ከጠፋ በኋላ መፈለግ ግን አንድ ክረምት ያስከፍላል።

ለሚቀጥለው ዘር የተያዘው ዕቅድ ሦስት ነገር አለው። መሬቱ ታርሶ ገና ባዶ ሳለ፣ በግንቦት፣ አንድ በረራ ይደረጋል፤ ያኔ ካሜራው የሚያየው አፈሩን ራሱን ስለሆነ የቦዩ ቁልቁለት በትክክል ይታያል፤ ውሃ ልኩም አብሮ ይወርዳል። ሕያው ማዳበሪያው ደግሞ የሚታሸው በየማሳው ዳር፣ ግራሯ ጥላ ሥር፣ በዚያች ሰዓት ለሚዘራው ዘር ብቻ ነው፤ ፓኬቱ ከጥላ የሚወጣበት ሰዓትና ሰው በመዝገብ ይያዛል። የትራክተሩ ሹፌርም ከመግባቱ በፊት ሐጂ ፈሰሱን ከላይ እስከ ታች ያሳዩታል፣ ግራና ቀኙም በኖራ በተቀባ ድንጋይ ምልክት ይደረግበታል።